የመጨረሻው ፌርማታ

ሳምንቱን በሙሉ ጠርሙስ ሳጥብ ከርሜ፣
ቅዳሜ ሲነጋ ይነጋል ዓለሜ።
ሕጌ አንድ ብቻ ነው፦ ከታርቱ ቀድሞ በተነሣ
አውቶቡስ መሳፈር፣ ያለ ካርታ፣ ያለ ምሳ፣
እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ መንጎድ፣
ወርዶ ዞር ዞር ማለት፣ መመለስ በዚያው መንገድ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የእንጨት ፋብሪካ አጥር፣
በሁለተኛው ላሞች፣ ሁሉም ጆሮ ላይ ቁጥር።
በሦስተኛው ጓንቴን፣ የግራውን፣ ጥዬ
ቀኙን ለብቻው ይዤ ገባሁ «ምን ላርግህ?» ብዬ።

በአራተኛው ግን እንቅልፍ አሸነፈኝ።
ሾፌሩ ትከሻዬን መታ አርጎ ቀሰቀሰኝ፤
እጁን በአየር ላይ እንደ ፀሐይ አዙሮ
(«ነገ» ማለቱ ነው) ሄደ በሩን ቀርቅሮ።

ፊት ለፊቴ ሐይቅ ነው። ስሙ ፔይፕሲ ይባላል፤
ሲነግሩኝ ስቄ ነበር፤ የጠርሙስ ስም ይመስላል።
ሐይቁ ግን አይስቅም፤ ከዳር እስከ ዳር ነጥቷል፣
ነፋሱ ያለ ከልካይ ከሩሲያ በኩል መጥቷል።

ፌቭሮኒያ በረዶው ላይ ነጥብ ነበረች፤ ስትቀርብ ሰው ሆነች፤
ዓሣ የሞላ ሣጥን በገመድ ትጎትታለች።
ሰማንያ ሳይሞላት አይቀርም። አየች ገመዱን፣
አየች እኔን፣ ሰጠችኝ ግማሹን።
ስሜን የጠየቀችኝ በኋላ ነው፣ ደጇ ስንደርስ።

ቤቷ ሽንኩርት ለብሷል ከጣሪያ እስከ ግድግዳ፣
ሹሩባ ተጎንጉኖ፣ ለሠርግ የተሰናዳ።
ጥግ ላይ ሥዕላት አሉ፣ ጊዜ ያጠቆራቸው፤
በሁለት ጣት አማትባ ጎንበስ አለችላቸው።
የኔም እጅ ከልማዱ ግንባሬን ሲነካ
አየችኝ፤ ፊቷ እንደ ምድጃው ፈካ።

የልጅ ልጇ ኤርሞላይ እንግሊዝኛ እየሰባበረ
«የገና ጾም ነን እኛ፤ አንተስ?» ሲል ተናገረ።
«ጾመኛ ነኝ» አልኩ፣ ራሴን ደፋ አድርጌ እንደ ቄስ።
ግማሽ ቋሊማ ነበር በካፖርቴ ኪስ፤
ከመናኸሪያው ሱቅ ገዝቼ፣ አውቶቡስ ላይ ገምጬው፣
ግማሹን ለመመለሻ በሶፍት ሸጉጬው።

ዱቄት በተነሰነሰ ገበታ ላይ ሰባት ቁጥር ጻፈች፣ የገናን ቀን።
እኔም ከሥሩ ሰባት ጻፍኩ። አጨበጨበች።
አገሩ ሁሉ ገናን ቀድሞን ሊያከብር ሲጣደፍ
እኛ ሁለት ኋላ ቀሮች ተገናኘን በአንድ ደጃፍ፤
እሷ በእውነት፣ እኔ በአፍ።

የዓሣ ሾርባ ቀረበ። ዓሣ የጾም ነው፣ አይደለም፣
የእኛ ሰፈር ሙግት እስከ ዛሬ አላለቀም።
እዚህ ሙግት የለም። ቅዳሜ ነው፤ ይበላል።
ማንኪያዬን ሳነሣ ካፖርቴን አንድ ነገር ይጎትታል፦
ውሻዋ ነው፣ ቡራን፤ አፍንጫው ኪሴ ገብቶ
ወጣ፣ ቋሊማዬን ከነሶፍቱ አውጥቶ፤
ምንጣፉ መሐል አስቀምጦ ቀና ብሎ አየኝ፣
«የማን ነው?» እንደሚል ዳኛ መሰለኝ።

ዝም።
ፌቭሮኒያ ቋሊማውን አየች፤ እኔን አየች፤
ገመዱን ባየችበት ዓይን። ከዚያ ለውሻው
ረጅም ነገር ነገረችው። ኤርሞላይ ሳቁን ውጦ ተረጎመው፦
«ቡራን፣ አንተ ክርስትና አልተነሣህም፤ ብላው!»
ለኔም ሌላ ጭልፋ ሾርባ ደገመችልኝ፣
አንድ ቃል ሳትጨምር።

እሑድ ከጸሎት መልስ በረዶውን በስተን ተቀመጥን፤
ሦስት ሰዓት ሙሉ ለአንድ ቀዳዳ ሰገድን።
በረዶው እንደ አሮጌ በር ከሥሬ ሲያቃስትብኝ
ዘልዬ ተነሣሁ። «ሲያወራ አትፍራው፤ ዝም ሲል ፍራው» አለኝ።
የያዝኩት አንድ ዓሣ ነው፣ አውራ ጣቴን የሚያክል፤
«ለገና እንገናኝ» አልኩት፤ ጠለቀ ምንም ሳይል።

ማታ ያው ሾፌር መጣ። አንገቴ ላይ አንድ ሹሩባ
ሽንኩርት አጥልቄ ስገባ
መስኮቱን ከፈተው፣ በዚያ ብርድ፣ በዚያ ውርጭ።

ሰኞ ጠርሙስ ሳጥብ ኡርቬ ጠጋ አለና
«ቅዳሜ የት ዋልክ?» አለኝ፣ አፍንጫውን ያዘና።
«ጾም ይዤ» አልኩት።
ውሸቴ ሦስተኛ ቀኗን ያዘች፤
እውነት እውነት ሸተተች።
ሽንኩርትም ጭምር።